የታጠፈ ወረቀት

ክፍል አንድ

በኅዳር ወር ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ይወርዳል። አልማዝ ግን ጎሕ ሳይቀድ ከአልጋዋ ትወርዳለች። የማህሌትን ብርድ ልብስ ጓሮ ወስዳ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥባለች፣ ጨምቃ ታሰጣለች፣ ጎረቤት ሳይነቃ ወደ ቤት ትገባለች። ብርድ ልብሱ የዚያው ከተማ ፋብሪካ ሥራ ነው፤ ወፍራም ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውሎ እንኳ መሀሉ አይደርቅም። ማታ ማታ ማህሌት እርጥቡን ወደ እግሯ አዙራ ትተኛለች።

ማህሌት 9 ዓመቷ ነው። ሽንቷን መቆጣጠር የቻለችው በሦስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ሌሊት አስቸግራ አታውቅም። ዓምና ከመስቀል በኋላ ግን ነገሩ ተመለሰ። መጀመሪያ ሌሊት ብቻ ነበር። እየቆየ ቀንም ያመልጣት ጀመር፦ ክፍል ውስጥ፣ ሱዚ ስትጫወት፣ ቆማ ሰልፍ ላይ። አንዳንዴ ልብሷ መርጠቡን የምታውቀው ብርዱ ሲሰማት ነው።

ሁሉም የየራሱን ምክንያት ሰጠ። አባቷ ግርማ አይሱዙ ይነዳል፤ ከሳምንቱ ግማሹን መንገድ ላይ ነው። ሲመጣ ይቆጣል። «ትልቅ ልጅ ሆና! ስንፍና ነው!» አንድ ቀን በቀበቶ ገርፏታል። አያቷ እማማ ወርቄ ጠበል ወሰዷት። ጎረቤት «ዓይን በልቷት ነው» አለ። በሰፈራቸው ያለው ክሊኒክ ደግሞ በሄዱ ቁጥር ሽንቷን መርምሮ «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው» እያለ መድኃኒት ይሰጣል። ለሳምንት ይሻላታል፣ ከዚያ ያው ነው። ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች መካከል ልጅቷ ልብሷን አውልቃ ጀርባዋ እንዲታይ፣ ወዲያ ወዲህ እንድትራመድ የጠየቀ አልነበረም።

ማህሌት በበኩሏ የራሷን መፍትሔ አበጅታለች። እናቷ ጠዋት በውሃ ሞልታ የምትሰጣትን ኮዳ ማታ እንደሞላ ትመልሳለች።

«ለምን አልጠጣሽም?»

«አልጠማኝም።»

ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አልማዝ አይታ ቅባት ቀባችላት እንጂ ነገሩን ከኮዳው ጋር አላገናኘችውም።

ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት ተጠራች። እንደተለመደው ስለ ሽንት ሊነግሯት ነው ብላ አንገቷን ደፍታ ገባች። የጠሯት ግን የስፖርት መምህሩ ነበሩ።

«ወይዘሮ አልማዝ፣ ይሄን ጫማ አይተውታል?»

የማህሌትን የሸራ ጫማ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። የቀኙ ደህና ነው። የግራው አፍንጫ ግን እስከ ውስጥ ድረስ ተፍቆ ካልሲዋ ይታያል።

«ገና መስከረም ላይ ነው የገዛሁላት» አለች አልማዝ። «ዕቃው እርካሽ ሆኖ ነው።»

«እርካሽ ቢሆን ሁለቱም እኩል ባለቁ ነበር» አሉ መምህሩ። «ስትራመድ ግራ እግሯን ትጎትታለች። ዓምና ከክፍሉ ሴቶች ቀድማ የምትገባው እሷ ነበረች። ዘንድሮ ሩጫ ስንጀምር ጀርባዬን አመመኝ ብላ ትቀመጣለች። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ይሄ የስንፍና ነገር አይመስለኝም።»

አልማዝ ጫማውን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛው ወጣች። ማታ ልጅቷን አልጋ ላይ አስቀምጣ ሁለቱን እግሮቿን ጎን ለጎን አየቻቸው። ግራው ከቀኙ ያንሳል። የውስጥ እግሩም ወደ ላይ ጎብጧል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያጠበችው እግር ነው። መቼ እንዲህ ሆነ?

ሌሊቱን ማህሌት ትኩሳት ያዛት። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። አልማዝ ፊቷን በጨርቅ ልታበርድ ስትጠጋ ብርድ ልብሱን ዳሰሰች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቅ ነው። ደስ ሊላት ሲገባ ደነገጠች። እጇን ወደ ልጅቷ ሆድ ሰደደች። ከእምብርቷ በታች ክብ፣ ጠጣር፣ የተወጠረ ነገር መዳፏን ሞላው።

«ማሂዬ፣ ሽንትሽ መጥቷል?»

ማህሌት ዓይኗን ከፈተች።

«አላውቅም እማዬ» አለች። «መቼ እንደሚመጣ እኮ አላውቅም። ድሮም አይሰማኝም።»

ይቀጥላል

ክፍል ሁለት

ባለፈው ሳምንት፦ ማህሌትን ከዓመት በላይ ሽንቷ ሲያመልጣት ከቆየ በኋላ በትኩሳትና በተነፋ ሆድ እኩለ ሌሊት ላይ እናቷ አገኘቻት።

በዚያ ውርጭ ባጃጅ ፍለጋ ቀላል አልነበረም። እማማ ወርቄ ጋቢያቸውን ለልጅቷ አልብሰው በነጠላ ብቻ ተከተሉ። ሆስፒታል ሲደርሱ ተረኛዋ ዶክተር ሕይወት የምትባል ወጣት ሐኪም ነበረች። የማህሌትን ሆድ አንዴ ዳሰሰችና ነርሷን ካቴተር አስመጣች።

ቀጭኑ ቱቦ እንደገባ ሽንቱ ወደ ከረጢቱ ይወርድ ጀመር። ድፍርስና የሚሸት ነው። አላቆም አለ። ዶክተሯ ከረጢቱ ላይ ያለውን ቁጥር ጎንበስ ብላ አነበበች፦ 750 ሚሊ ሊትር።

«የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፊኛ መያዝ ያለበት 300 ያህል ነው» አለች ወደ አልማዝ ዞራ። «ይሄ ከእጥፍ በላይ ነው።»

«ታዲያ ሁልጊዜ እያመለጣት ከየት መጣ?»

«የሚያመልጣት ሞልቶ የሚፈስሰው ነው እናት። ሸንታ ጨርሳ አታውቅም። ውስጥ የሚቀረው ሽንት እየተጠራቀመ ነው ኢንፌክሽኑም የሚመላለሰው። መድኃኒቱ ተህዋሱን ይገድላል፤ የሚቀረውን ሽንት ግን አያወጣም።»

አልማዝ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የጠዋቱ እጥበት፣ ቀበቶው፣ ቁጣው ባንድ ጊዜ መጣባት።

ሲነጋ አልትራሳውንድ ታየ። ሁለቱም ኩላሊቶች አብጠዋል፤ ሽንቱ ወደ ኋላ እየገፋቸው ነው። ዶክተር ሕይወት ወንበር ስባ አልማዝ ፊት ተቀመጠች። መጠየቅ የጀመረችው አሁን ነው።

«ሌሊት ብቻ ነው ወይስ ቀንም?»

«ቀንም።»

«ከዚህ በፊት ደርቃ ታውቃለች?»

«ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ። የተመለሰባት ዓምና ነው።»

«ሰገራስ? ይደርቅባታል?»

አልማዝ አመነታች። ስለሱ የጠየቃት ሰው አልነበረም። «በሳምንት አንዴ ብትወጣ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሳታውቀው ልብሷን ይነካዋል።»

«ጀርባ ሕመም? አረማመድ?»

አልማዝ መልስ አልሰጠችም። ከነጠላዋ ውስጥ የተፋቀውን የሸራ ጫማ አወጣችና እጇ ላይ አኖረችላት። ዶክተሯ ጫማውን አገላብጣ አየችው።

«ልንገርዎት» አለች። «ከ100 የአምስት ዓመት ልጆች 15 ያህሉ ሌሊት ሌሊት ያመልጣቸዋል። ሌላ ምልክት ከሌለ እያደጉ ሲሄዱ አብዛኞቹ ይተዋሉ፤ ልጅ ለዚህ አይመታም፣ ለምርመራም አይንገላታም። የሆድ ድርቀት ብቻውን ፊኛን የሚያውክበት ጊዜም ብዙ ነው። ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ደርቆ ቆይቶ የተመለሰበት፣ ቀንም የሚያመልጠው፣ ኢንፌክሽን የሚመላለስበት፣ ሰገራው የታወከ፣ እግሩ የተለወጠ ልጅ ግን ሌላ ነው። የእሱን ጀርባ ሳያዩ ወደ ቤት መላክ አይገባም። ሽንት የሚታዘዘው ከሕብለ ሰረሰር ጫፍ በሚወጡ ነርቮች ነው። እግርንም አንጀትንም የሚያዝዙት የዚያው ሰፈር ነርቮች ናቸው።»

ከዚያ ወደ ማህሌት ዞረች። «የኔ ቆንጆ፣ በሆድሽ ተኚልኝ።»

«ጀርባዋ ላይ ከልደቷ ጀምሮ ምልክት አለ? ጠባሳ፣ ጎድጓዳ ነገር፣ ፀጉር?»

«የለም» አለች አልማዝ። ቶሎ ብላ ደግሞ፣ «የልደት ምልክት ብቻ ናት። ማርያም የሳመቻት ናት።»

ዶክተሯ የሹራቡን ጫፍ ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ ሌላ እጅ ያዛት። የእማማ ወርቄ ነበር።

«እሱን አትንኪው የኔ ልጅ» አሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። «የእመቤታችን ነው። ለሰው አይገለጥም።»

«እማማ፣ አልነካውም። ላየው ብቻ ነው።»

አሮጊቷ ለአፍታ ዓይን ዓይኗን አዩአትና እጃቸውን ለቀቁ።

ከመቀመጫዋ መሰንጠቂያ በላይ፣ ልክ ወገቧ መሀል ላይ፣ ጣት የሚያህል ረጅም ጥቁር ፀጉር በቅሏል። ከሥሩ ለስላሳ እብጠት አለ። መሰንጠቂያው ራሱ ቀጥ ማለቱን ትቶ ወደ ግራ ታጥፏል። ዶክተር ሕይወት ጥጥ አንስታ የግራውን የውስጥ እግር በስሱ ዳበሰች፤ ጣቶቹ አልተንቀሳቀሱም። ቀኙን ዳበሰች፤ ማህሌት ተኮረኮረችና እግሯን ሰበሰበች።

ሹራቡን በቀስታ መልሳ አለበሰቻት።

«እናት፣ ይሄን ምልክት ከዚህ በፊት ያየ የጤና ባለሙያ አለ?»

«የለም» አለች አልማዝ።

«አለ» አሉ እማማ ወርቄ።

አልማዝ ወደ አማቷ ዞረች። አሮጊቷ መሬት መሬት ያያሉ።

«ገና አራስ ሳለች አንዲት ነርስ አይታዋለች። ወረቀትም ጽፋ ሰጥታኛለች።» እንባቸው ወረደ። «እኔ ነኝ የደበቅኩት።»

ይቀጥላል

ክፍል ሦስት

ባለፈው ሳምንት፦ ዶክተር ሕይወት በማህሌት ወገብ ላይ ከልደት ጀምሮ የነበረ ምልክት አገኘች። አያቷም የደበቁት ወረቀት እንዳለ ተናገሩ።

ወረቀቱ በእማማ ወርቄ ዳዊት ውስጥ ነበር። አራት ቦታ ታጥፎ፣ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሶ። ዶክተር ሕይወት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አነበበችው፦ «ዕድሜ 45 ቀን። ወገቧ ላይ ፀጉርና እብጠት አለ። የጀርባ አልትራሳውንድ እንድትነሳ ወደ አዲስ አበባ ተልካለች።»

«ያኔ አንቺ በወሊድ ታመሽ ተኝተሽ ነበር» አሉ እማማ ወርቄ ለአልማዝ። «ክትባት የወሰድኳት እኔ ነኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ለዲያቆኑ ሰጥቼ አስነበብኩት። አዲስ አበባ ሲል፣ ሆስፒታል ሲል፣ ሕፃኗን በቢላ ሊቀድዷት ነው ብዬ ፈራሁ። ልጅቷ ትጠባለች፣ ትስቃለች፣ እግሯን ታወራጫለች። ምኗ ታሞ ነው ብዬ... ዳዊቴ ውስጥ ከተትኩት።»

አልማዝ አንድ ቃል መናገር አቃታት። ዶክተር ሕይወት ግን የአሮጊቷን እጅ ያዘች።

«እማማ፣ ያቺ ነርስ የሚያስመሰግን ሥራ ነው የሠራችው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ገደማ የሕፃን አከርካሪ ገና አጥንት ሆኖ ስላልጠነከረ ሕብለ ሰረሰሩ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ሳይቀደድ፣ ሳይወጋ። አሁን ያ ጊዜ አልፏል። ራጅ ብናነሳት አጥንቱን እንጂ ውስጡን አያሳየንም። የሚያስፈልጋት ኤምአርአይ ነው። ወረቀቱ ግን ዛሬም ይጠቅመናል፤ ነገሩ አብሯት የተወለደ መሆኑን ይመሰክራል።»

ካቴተሩ ከወጣ በኋላ ነርሷ ለአልማዝ አዲስ ሥራ አስተማረቻት። እጅ በሳሙና መታጠብ፣ ንጹሕ ቀጭን ቱቦ በቀን አራት አምስት ጊዜ አስገብቶ ፊኛውን ማራገፍ፣ ቱቦውን ማውጣት። እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካዊው ሐኪም ጃክ ላፒደስ ካስተዋወቀው ወዲህ የብዙ ሕፃናትን ኩላሊት ያተረፈ ዘዴ ነው። በመጀመሪያው ቀን የአልማዝ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። እየዋለ ሲያድር ማህሌት መስታወት ይዛ ራሷ ልትሞክር ጠየቀች። ብርድ ልብሷ ደረቀ። ኮዳዋን ጠጥታ ባዶውን መመለስ ጀመረች።

ኤምአርአዩ ወረፋና ገንዘብ ጠየቀ። ዕድርተኛው አዋጣ፤ ግርማ ከባለ መኪናው ተበደረ። ማህሌት በሚያንኳኳው ማሽን ውስጥ ሳትንቀሳቀስ ተኝታ ወጣች።

በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ዛሬ እንዲህ ያለች ልጅ በአዲስ አበባ የሚያያት ሐኪም ታገኛለች። እዚያ የማህሌትን ፎቶ ብርሃን ላይ የሰቀሉት ሐኪም ዝምተኛ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ግርማ ከጉዞ በቀጥታ መጥቶ፣ ካቦርቱን ሳያወልቅ፣ ቆሞ ይሰማል።

«የሕብለ ሰረሰር ጫፍ በተለምዶ የሚያበቃው እዚህ ነው፤ የመጀመሪያውና ሁለተኛው የወገብ አከርካሪ ላይ» አሉ በጣታቸው። ጣታቸው ወደ ታች ወረደ፣ ወረደ። «የልጃችሁ እዚህ ነው ያለው። አምስተኛው ላይ። ይሄ ነጩ ስብ ነው፤ ሕብለ ሰረሰሩን ከሥር ጨምድዶ ይዞታል።»

«አልገባኝም ዶክተር» አለ ግርማ።

«ጥጃ በአጭር ገመድ ችንካር ላይ አስረህ ታውቃለህ? ትንሽ ሳለ ገመዱ ይበቃዋል። ሲያድግ ገመዱ አብሮት አያድግም፤ አንገቱን ያንቀዋል። ልጅህም ባለፉት ሁለት ዓመታት ቁመቷ ጨምሯል። አጥንቷ ወደ ላይ ሲያድግ ሕብለ ሰረሰሩ ከታች ታስሮ ተወጠረ። ሲወጠር ደም ያንሰዋል፣ ነርቮቹ ይዳከማሉ። ሽንቷ፣ ሰገራዋ፣ እግሯ የታወከው ከዚያ ነው።»

ግርማ ዓይኑን ጨፈነ። «እኔ እኮ ገርፌያታለሁ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሐኪሙ አልመለሱለትም። ወረቀት አወጡ።

«ልንፈታው እንችላለን። አደጋ የለውም ብዬ ግን አልዋሽህም። ነርቭ ሊነካ ይችላል፣ ፈሳሽ ሊያፈስስ ይችላል፣ ኢንፌክሽን ይኖራል፣ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሊጣበቅም ይችላል። የጀርባ ሕመሟ እንደሚሻላት ተስፋ አለኝ። ሽንቷ እንደ ድሮው እንደሚመለስ ግን ቃል አልገባም። በዋናነት የምንሠራው የቀረውን ለማትረፍ ነው።»

ማህሌት ከእናቷ ጎን ሆና ትሰማለች። ማንም ያላሰበውን ጥያቄ ጠየቀች።

«ካልተሠራሁስ?»

ሐኪሙ ጎንበስ ብለው ዓይኖቿን አዩአቸው። «ካልተሠራሽ ማደግሽን አናቆመውም የኔ ልጅ። አንቺ ስታድጊ እሱም ይወጠራል።»

ግርማ ብዕሩን ያዘ። መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ጀርባው የተነካ ሰው ተነስቶ ሲራመድ አላየሁም» አለ። «አጎቴ ከመኪና ወድቆ ጀርባውን ተነክቶ እስኪሞት አልጋ ላይ ነበር። ቢያንስ አሁን እግሯን እየጎተተችም ቢሆን ትሄዳለች። እኔ ፈርሜ ከአልጋ ብትቀርስ? እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ ስጡኝ።»

«እስከ ነገ ጠዋት» አሉ ሐኪሙ። «ፊርማው የአንዳችሁም ቢሆን ይበቃል። እኔ ግን ሁለታችሁም አምናችሁበት ብትመጡ ነው የምወደው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሌሊት እግሯ ከወትሮው ከደከመ፣ ከደነዘዘ፣ ጠዋትን አትጠብቁ። ተረኛውን ጥሩ።»

ሌሊቱን አልማዝ አልተኛችም። ግርማ ኮሪደሩ ላይ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አድርጎ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በየሰዓቱ ክፍሉ በር ላይ መጥቶ ያይና ይመለሳል።

አልማዝ የማህሌትን እግሮች ከብርድ ልብሱ አወጣች። ቀኙን ነካች።

«ይሰማሻል?»

«ቀኜን ነካሽ።»

ወደ ግራው አለፈች። አውራ ጣቷን በስሱ ያዘች። ማህሌት ጣሪያ ጣሪያ እያየች ትጠብቃለች። አልማዝ ጫን አደረገች። ቀጥላ በጥፍሯ ቆነጠጠች፤ ቆዳው ላይ የጥፍሯ ምልክት ወጣ።

«አሁንስ?»

ማህሌት ራሷን ቀና አድርጋ እናቷን አየቻት።

«እማዬ፣ መቼ ነው የምትነኪኝ?»

አልማዝ «ተረኛ! ተረኛ ሐኪም!» እያለች ወደ ኮሪደሩ ሮጠች። ግርማ ከወንበሩ ብድግ አለ። ያልተፈረመው ወረቀት ከጭኑ ወደቀ፤ አንስቶ ይዞት ብዕር እየፈለገ ከኋላዋ ተከተላት።

ይቀጥላል